የሚቆጣ ሰው ያለበት ሰፈር

ወሬው የደረሰኝ በፍልሰታ ጾም፣ ከቤቴ ኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎመን ስቀነጥስ ነው። የደወለው ልጄ ዮናስ ነበር። ሁልጊዜ የሚደውለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እስክመለስ ጠብቆ ስለሆነ፣ በአዘቦት ቀን ስልኩ ሲጮኽ መጀመሪያ አማተብኩ። "እማዬ፣ ደኅና ነን፣ አትደንግጪ" አለ ገና ሃሎ ሳልለው። ያውቀኛል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ለጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ እንደመደበው፣ ሚስቱን ቻንዳንና ሁለቱን ልጆቹን ይዞ እንደሚሄድ ነገረኝ። ቻንዳ የዚሁ የሉሳካ ልጅ ናት፤ ኢትዮጵያን በእኔ ወሬና በእኔ ሽሮ ነው የምታውቃት። ልጆቹም እንደዚያው። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ፤ "ልጆቹን የት ሰፈር ላኑራቸው? የት ላስተምራቸው? ደላላው የሚልክልኝ የቤት ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ።"

ሳቄ መጣ። "ምኑ ነው የሚያስቅሽ?" አለ። "አባትህ ይህንኑ ሲጠይቀኝ አንተ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ የጫማውን ክር ትፈታ ነበር" አልኩት። እውነቴን ነው። ያ ጥያቄ አቅጣጫው ተገልብጦ፣ ከኮልፌ ወደ ሉሳካ ሳይሆን ከሉሳካ ወደ ኮልፌ ዞሮ መጣብኝ። ለልጄ በስልክ የነገርኩት አጭር ነበር። ለእናንተ ግን፣ በተለይ ለኮልፌ ሰዎች፣ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፤ የምለምናችሁም ነገር አለኝ።

ያኔ ቤታችን ከፌርማታው ወረድ ብሎ፣ በአጠና አጥሮች መካከል የሚያልፈውን ኮረኮንች ይዘው ከእህል ወፍጮው አለፍ ሲሉ ነበር። ከእኛ ወዲያ ከተማው እየሳሳ ይሄዳል። አየር ጤና ጫፍ ነበር፤ ዛሬ ካፌውና ክሊኒኩ የተደረደረበት ቤቴል ደግሞ ለእኛ ከብት የሚግጥበት ሜዳ፣ ልጆች አደይ ሊለቅሙ የሚሄዱበት ነው። አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ አሥር ሳንቲም። ችኩል የሆነ ሰው "ውይይት" የምንላት ታክሲ ላይ ይወጣል፤ ከኋላ በሁለት አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠን ስለምንቀመጥባት ነው ስሟ። የስብሰባ ዘመን ስለነበር ስሙ አፍ ላይ ለመውጣት አልተቸገረም። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪ በሰፊ እግር፣ ልጆች ኮንጎ ጫማ፣ እኛ ሴቶች በአበባ ጨርቅ ቀሚስ ላይ ሹራብ። ስኳር የቀበሌ ሱቅ ሲመጣ የሚለቀው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ አንዷ "መጣ" ካለች መንደሩ በሙሉ ዘንቢል ይዞ ይወጣል። ከጠላ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን ወፍጮው ሲነሣ ይዋጣል፣ ወፍጮው ሲቆም ከመካከሉ ይቀጥላል። ስንት ዘፈን ከነመጀመሪያው ሳልሰማው ቀረሁ። ስለሌላው፣ ስለዚያ ዘመን ጭንቅ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብዬ ልለፈው። እኛን አውጥቶናል።

ሁለት ልጆች ነበሩን። ሰብለ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቁጥብ፣ ከአጠገቤ የማትርቅ። ዮናስ ስድስት ሊሞላው ነው፤ እሱ ደግሞ እግር ነበረው። ሌላ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ተቆጥቶ ወይም ተርቦ አይደለም፤ አንድ ነገር ዓይኑን ከሳበው ተከትሎት ይሄዳል። አህያ፣ የሠርግ መኪና፣ ጥሩንባ የያዘ ሰው። አንድ ጊዜ አንዲቷን ውይይት ተከትሎ ጦር ኃይሎች ድረስ ደርሷል። ግን ኮልፌ ነውና መመለሱ አይቀርም። ያን ቀን ከማላውቃት ሴት እጅ ወደማላውቀው ሽማግሌ፣ ከሽማግሌው ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ ዘሀራ እየተቀባበሉት መጣ፤ ሁሉም በየደረሰበት ተቆጥቶታል። እትዬ ዘሀራ ጆሮውን ይዛ በሬ ላይ ስታቆመው የቁጣው ተራ የእኔ ሆነ።

"አንቺ፣ ልጅ ነው የወለድሽ ወይስ ዳክዬ?"

"ምን ላድርግ እትዬ ዘሀራ፣ ዞር ስል ነው እኮ።"

"አትዙሪያ! ከዞርሽም 'ዘሀራ፣ ዞሬአለሁ' በይኝ፤ እኔ አያለሁ።" ጆሮውን ለቀቀችና ከቀሚሷ ኪስ ቴምር አውጥታ ሰጠችው። "ብላ፤ ደግመህ ትሄዳትና እግርህን ነው የማስረው።"

የልጆቼ አባት ኃይሉ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የመንገድ ቀያሽ ነበር። በውጭ አገር መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝቶ፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የሁላችንም መውጫ ተፈቀደ። ደስታው እንዳለ ሆኖ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዮናስ እዚያ ቢሄድስ? ቋንቋ የለው፣ የማን ልጅ ነህ ቢሉት የአባቱን ስም ማን ያውቀዋል? ሻንጣ ስሸክፍ፣ ጸሎቴ ላይ ስቆም፣ የማስበው ይህን ነው። ሌሊት አልነቃም ነበር ብል ውሸት ነው።

ልንሄድ ስንል የልደታ ማኅበራችን ተራ እኔ ቤት ወደቀ። ጽዋው ከወጣ፣ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ጭንቀቴን ተነፈስኩ። ከመካከላችን ከአገር ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ግን ምክር አላጣሁም። አንዷ "ቤተ ክርስቲያን ያለበት ሰፈር ነው እንጂ" አለች። "እዚያ የኛ ቤተ ክርስቲያን የለም አሉ" ስላት ወደ ዳቦዋ ተመለሰች። ሌላዋ ውኃ ያለበትን ፈልጊ አለች። ሌላዋ ደግሞ የውሻ ጩኸት ከበዛ ሌባ አለ ማለት ነውና እንዳትገቢ አለች። እማማ ዘነቡ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቁ። ከጎጃም በልጅነታቸው በእግር መጥተው ኮልፌ ገና ደን ሳለች የገቡባት ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ የጨነቀሽ የልጁ እግር አይደል?"

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያ ቤት አትዪ። ልጆች ከትምህርት ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት ሂጂና ማዕዘን ላይ ቁሚ። የሰው ልጅ የሚቆጣ ሰው ካየሽ፣ ጣሪያው ቢያፈስም ተከራዪው። ሁሉም የራሱን ብቻ ይዞ የሚገባ ከሆነ፣ ምን ቢያምር ተመለሺ።"

"በማላውቀው ቋንቋ ቢቆጣስ?"

"ቁጣ ቋንቋ አለው እንዴ? ዓይኑን ካየሽ ይገባሻል።" ሴቶቹ ሳቁ፤ እማማ ዘነቡ ግን አልሳቁም። ዳቦአቸውን እየቆረሱ "ለእግርሽም ምቹ ጫማ አድርጊ፤ ብዙ ማዕዘን ይኖራል" አሉኝ።

ሉሳካ የደረስነው ያ ወይን ጠጅ አበባ መንገዱን ሁሉ በሸፈነበት ወር ነው። አዲስ አበባም አለ ያ ዛፍ፤ ሳየው ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። የበለጠ ያረጋኝ ደግሞ፣ እንዳትስቁ፣ ሰልፉ ነው። በሦስተኛው ቀን ገበያ ስወጣ ሴቶች ለስኳርና ለዘይት ተሰልፈው አገኘሁ፤ አንዷ ቦታ ለእህቷ ይዛ ከኋላዋ ያለችው ትነጫነጫለች። ምንም ቃል ሳልሰማ የሚሉትን ሁሉ ሰማሁት። ሰዉ ጨዋ ነው። ትልቅ ሰው ሰላም ሲሉ በርከክ ብለው መዳፋቸውን ያጨበጭባሉ፤ ሰብለ ያንን አይታ እጅ መንሣታችንን ከጭብጨባው ጋር ቀላቅላ ስታደርገው የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር እስከ ዛሬ አልረሳውም፣ መሪውን ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ።

መሥሪያ ቤቱ በሀብታሞች ሰፈር፣ ካቡሎንጋ በሚባለው፣ አንድ ትልቅ ቤት ሊሰጠን አሳየን። ግቢው ውስጥ ማንጎ፣ ባኞ ቤቱ ውስጥ የፈላ ውኃ። ከዚያ ሳይርቅ የውጭ ሰዎች ልጆች የሚማሩበት፣ መዋኛ ያለው ትምህርት ቤት። ኃይሉ ዓይኑ በራ። እኔ ግን "ማዕዘን ላይ ልቁም" አልኩት።

"የት ነው የምትቆሚው?"

"እማማ ዘነቡ እንዳሉኝ።"

"ሰው ሲቆጣ ለማየት ነው አገር አቋርጠን የመጣነው?" አለኝ፤ ግን አብሮኝ ቆመ። ደግ ሰው ነበር። እኔ በነጠላዬ፣ እሱ በሙሉ ልብሱና በክራቫቱ፣ ፀሐይ ላይ እንደ መንገድ ምልክት ተገተርን። ብዙ መኪና አለፈ። ከዚያ አንድ ተማሪ ልጅ ብስክሌቱን ከአንድ ትልቅ በር ላይ አስደገፈ፤ የግቢው ዘበኛ ብቅ ብሎ ልጁን በቁጣ አስደነገጠው፣ ጣቱን እያወዛወዘ እስከ ማዕዘኑ ሸኘው። የኃይሉን ክንድ ያዝኩ። "በቃ፣ ይኸው" አልኩት። የዚያኑ ሳምንት ገባንበት።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ቁጣውን አየሁ እንጂ የተቆጣው ለማን ብሎ እንደሆነ አላየሁም። ዘበኛው የጠበቀው በሩን ነው፣ የበሩን ቀለም። ልጁ ከበሩ ከራቀ በኋላ ወደ ገደል ቢሄድ ጉዳዩ አልነበረም። ዘበኛውን አልፈርድበትም፤ የተቀጠረበት ሥራ ነው። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት ዮናስ የጠፋ ዕለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ኃይሉ ሥራ ላይ፣ ሰብለ የቤት ሥራ ትሠራለች፣ እኔ ልብስ አሰጣለሁ። ዞርኩ። "ዘሀራ፣ ዞሬአለሁ" የምላት የለችም። በሩ ገርበብ ብሏል። ወጣሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ረጅም የግንብ አጥር፣ ከግንቡ ኋላ ውሾች፣ መንገዱ ላይ አንድ ሰው የለም። ሰብለን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። በር አንኳኳሁ፤ በውሻ ተመለሰልኝ። እመቤቴን እየጠራሁ፣ ጸሎትና ስድብ ተቀላቅሎብኝ፣ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አንድ የወይን ጠጅ ዛፍ ሥር አበባውን እየረገጠ ሲያፈነዳ አገኘሁት። ሩቅ ሄዷል። በመኪና ያለፉት ሁሉ አይተውታል። አንድ ግቢ ፊት የሚሠራ አትክልተኛ "የሆነ ሰው ልጅ ይሆናል ብዬ ነው" አለኝ በምልክት። መምታት ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ፤ ተቀመጥኩና አቀፍኩት።

"የት ልትሄድ ነው?" አልኩት።

"አላውቅም።"

"ለምን አልተመለስክም ታዲያ?"

በጣም አስቦበት ነው የመለሰልኝ። "ሰው ሲቆጣኝ ልመለስ ነበር" አለ። "ማንም አልተቆጣኝም።"

ማታ ኃይሉ ሲገባ ይህን ነገርኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም። ክራቫቱን ፈትቶ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ። "ለልጆቹ እንዲሻላቸው ብለን ወጥተን ወደ ኮልፌ ልትመልሺን ነው?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይጠይቃል። "ቤቱን አንተ እይ፣ ማዕዘኑን እኔ ልይ" አልኩት። በዚህ ተስማማን። ትምህርት ቤቱን መምረጥ የእሱ ይሁን አልኩ፤ እንግሊዝኛውም የእሱ ነውና።

ካብዋታ የሚባለውን ሰፈር ያገኘሁት ብዙ ማዕዘን ከቆምኩ በኋላ ነው። ትንንሽ ቤቶች፣ ዝቅ ያለ አጥር፣ ገበያው በቅርብ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ አንዲት ወፍራም ሴት በረንዳዋ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አንዱ ልጅ በመኪና ፊት ሮጦ ሲሻገር እግሯን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሣ እንዲህ ያለ ጩኸት ለቀቀችበት፤ ልጁ ተመልሶ መጣና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ተቆጥታ ተቆጥታ ስትጨርስ የተፈታ ቁልፉን በጥርሷ ክሩን እየበጠሰች ተከለችለት። የእሷ ልጅ እንዳልሆነ ያወቅሁት ወደ ሌላ ቤት ሲገባ ነው። ከእሷ ቤት በሦስተኛው ተከራየን። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ በክረምት ድስት ደርድረን ነው ያሳለፍነው።

ትምህርት ቤቱን ኃይሉ መረጠ፤ በእግር የሚኬድ፣ መነኮሳት የሚያስተምሩበት። እኔ እንደገና ጨነቀኝ፤ የእነሱ ሃይማኖት ሌላ፣ የእኛ ሌላ። ዋናዋ መነኩሲት ልጆቹን ስትመዘግብ የአንገት ጌጥ ክልክል ነው አለች። ከዚያ የዮናስን ማተብ አየችው፤ ጥቁር ክር ነው፣ ያደፈ። በጣቷ ነካ አድርጋ ኃይሉን ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሲነግራት "ይህ ጌጥ አይደለም፣ ይቆይ" አለች። ረቡዕና ዓርብ ምሳቸው ከቤት ይምጣ አለች። ኃይሉ የልጁን እግር ነገር ሲነግራት ሳቀች። "የሚሄድ ልጅ ጤነኛ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚያይ ሰው እናበዛለታለን" አለች። በልቤ እማማ ዘነቡ ቢሰሟት ማኅበር ያስገቧት ነበር አልኩ።

ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ መንገዱ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ያቺ ልብስ ሰፊ ዮናስን በክንዱ ይዛ፣ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ትመጣለች። ባና ሙሌንጋ ይሏታል፤ የሙሌንጋ እናት ማለት ነው፣ እዚህም ሴት በልጇ ትጠራለች። ገበያው ውስጥ የዓሣ ጋሪ ተከትሎ ሲሄድ ነው የያዘችው። እሱን ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች። በሯ ላይ የቆመውን ስፌት፣ የሚጠብቃትን ሰው፣ የእኔን ቸልተኝነት፣ ሁሉንም በእጇ እያሳየች ወረደችብኝ። አንድ ቃል አልገባኝም። አንድም ያልገባኝ አልነበረም። ልጅ ወይስ ዳክዬ፣ ያው ነው።

እኔ ደግሞ ቆሜ ፈገግ እላለሁ። እንባዬም ይወርዳል፤ ሽንኩርቱም እጄ ላይ ነው። ባና ሙሌንጋ ግራ ገባት። እኔ በርከክ ብዬ እንዳየሁት መዳፌን አጨበጨብኩላት። ራሷን ነቀነቀችና ለዮናስ ከኪሷ የተቆላ ለውዝ ሰጥታው ወደ ስፌቷ ሄደች። ማታ ለኃይሉ "ዛሬ ተቆጡኝ" አልኩት። "ማን?" አለ ደንግጦ። ስነግረው ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ፣ በማናውቀው ዘፈን፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ እስክስታ መታ። እሱ እስክስታ ሲመታ ከሠርጋችን ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው ደኅና ነው። ልጆቹ አደጉ፣ ጣሪያው ተሠራ፣ በኋላ የግብፆች ቤተ ክርስቲያን ተከፈተና ቅዳሴ አገኘሁ። ባና ሙሌንጋ የሰብለን የሠርግ ቀሚስ ሰፋች። ኃይሉ እዚሁ ዐረፈ። እኔም እዚሁ ነኝ፤ ጎመኔን እቀነጥሳለሁ፣ መንገዱን አያለሁ፣ ሲያስፈልግ እቆጣለሁ። የካብዋታ ልጆች ይፈሩኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

እና ለዮናስ ያንን ነገርኩት፤ ማዕዘን ላይ ቁም፣ ለማን ብሎ እንደሚቆጣ ደግሞ ልብ በል። ቤተሰቡን ሳያንቀሳቅስ ብቻውን ቀድሞ ሄደ። ደላላው ጥሩ ጥሩ የተባለበት ሰፈር ሁሉ ወሰደው፤ ግንብ፣ ካሜራ፣ ዘበኛ። በመጨረሻ በአየር ጤና በኩል አልፎ ቤቴል ወረደ፤ የእኛ የአደይ ሜዳ። ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት አንድ ሱቅ ጥግ ቆመ። እዚያው ሳለ ደወለልኝ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበር።

"እማዬ፣ የሚቆጣ ሰው አገኘሁ።"

"ማንን ተቆጣ?"

"እኔን" አለ። አንዲት ሒጃብ ያደረገች እናት ከሱቁ ወጥታ "ወንድም፣ ማንን ነው የምትጠብቀው? ከቅድም ጀምሮ እያየሁህ ነው፣ ልጆቹ ላይ ምን አፍጥጠሃል?" ብላዋለች። እሱ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው እናቴ ላከችኝ ሲላት ጭራሽ አላመነችውም፤ ሁለት ጎረቤት ጠርታ ሦስቱም ከበው አጣድፈውታል። "ልጅ ሊሰርቅ የመጣ ነው የመሰልኳቸው" አለኝ። "እንኳን ጠረጠሩህ፣ ደግ ሰፈር ነው" አልኩት። እዚያው ቤት ተከራየ። ልጆቹን በእግር የሚደርሱበት ትምህርት ቤት አስገባ። አሁን ገብተዋል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በዚያ ዘመን ኮልፌ የነበራችሁ፣ ልጄን ከጦር ኃይሎች እየተቀባበላችሁ ያደረሳችሁልኝ፣ ልጆቻችሁም የልጅ ልጆቻችሁም፣ ዛሬ ቤቴልና አየር ጤና ያላችሁ ሁሉ፤ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጠይም፣ በአማርኛ አፉን ገና ያልፈታ፣ የሆነ ነገር ተከትሎ ሲሄድ ብታዩት አትለፉት። ሙሴ ነው ስሙ፤ እግሩ የአባቱ ነው። ቆም ብላችሁ ተቆጡልኝ። የምትሉት ባይገባውም ተቆጡት፣ ከዚያ እጁን ይዛችሁ ቤቱ አድርሱት። እናቱ ቻንዳ ወጥታ ብትደነግጥ፣ እሷንም ትንሽ ተቆጧት። "አያቱ ናት ያዘዘችን" በሏት፤ እሷ ይገባታል።